አዲስ የመጣ ሲጋር ይረፍ ወይስ ወዲያው ይጨስ?

ከውጭ አገር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሲጋር እጃችን እንደገባ መለኮስ ይገባል ወይስ ለተወሰነ ጊዜ ማሳረፍ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ፣ ሲጋር በሚያጨሱ ሰዎች ዘንድ ከማያልቁት ክርክሮች አንዱ ነው። አንዱ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል ይላል፤ ሌላው ሦስት ወር ካልሞላው ሣጥኑን አልከፍትም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሥራ ፈቶች የፈጠሩት ወግ ነው ብሎ መቁረጫውን ያነሳል። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ፣ በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀቷ 35 ዲግሪ በሚነካ ከተማ ውስጥ። እነዚያ መልሶች ሁሉ የተነገሩት ሌላ አየር ለሚተነፍሱ ሰዎች ስለሆነ፣ እንዳሉ ወስደን ብንሠራባቸው ሲጋሩን አሳረፍን ብለን እናበላሸዋለን የሚል እምነት አለኝ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ትምባሆ በማንኛውም መልኩ ጤናን ይጎዳል፤ ሲጋርም ጭሱ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ ብቻ ከዚህ ነፃ አይሆንም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ገና ላልጀመረ ሰው ግብዣ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስን ስለሚከለክል፣ እዚህ የማወራው ስለ ገዛ ግቢና ስለ ገዛ በረንዳ ነው።

በእጅ የሚጠቀለል ሲጋር ሦስት ክፍሎች አሉት። ውስጡን የሚሞሉት በርዝመታቸው እየታጠፉ የተደራረቡ ቅጠሎች ናቸው፤ እነሱን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስስ፣ ለስላሳና ለዓይን የሚያምር መጠቅለያ ቅጠል ይለብሳል። ትምባሆ በዙሪያው ካለው አየር ጋር ዘወትር ውሃ ይለዋወጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል፤ አየሩ ሲረጥብ ይቀበላል። ችግሩ ሦስቱ ክፍሎች በእኩል ፍጥነት የማይሰጡና የማይቀበሉ መሆናቸው ነው። መጠቅለያው በሰዓታት ውስጥ ሲለወጥ የመሃሉ ቅጠል ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ከሞሰብ ውጭ የቆየ እንጀራ ዳሩ ድርቆሽ ሆኖ እየተሰባበረ መሃሉ ገና እርጥብ እንደሚሆን ሁሉ፣ መንገድ የመታው ሲጋርም ላዩና ውስጡ የተለያየ ነገር ሆኖ ይደርሳል።

መንገዱ ቀላል አይደለም። በረጅም በረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሲጋሩ ወይ በአዲስ አበባ ብርድ ያድራል፣ ወይ በጅቡቲ ወበቅ ይሰነብታል፤ በመጨረሻም ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ የባቡር ጣቢያ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያው በባጃጅ ወደ ቤት ይገባል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በጫማና በሽቶ መካከል ተጎሳቁሎ ነው። ሻንጣው በእኩለ ቀን የቆመ መኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ከተረሳ ደግሞ፣ በጉዞው ሁሉ ካየው የከፋውን ያየው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ማሳረፍ የሚባለው ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ይዟል፤ ሰው የሚጨቃጨቀውም በአመዛኙ አንዱ ስለ አንደኛው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው እያወራ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ከመንገድ ማገገም ነው፤ በላዩና በውስጡ መካከል ያለው የውሃ ልዩነት እስኪስተካከል ድረስ ሲጋሩን በረጋ እርጥበትና በረጋ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ማለት ነው። ሁለተኛው መብሰል ነው። ትምባሆ ከመጠቅለሉ በፊት ተከምሮ ይብላላል፤ በዚህ ጊዜ ከቅጠሉ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ አሞኒያ ነው። ሲጋሩን የሚጠቀልለው ሰው በሚሠራበት ጊዜ ቅጠሉ እንዳይሰበር ስለሚረጥብ፣ ገና ከጠረጴዛ የተነሳ ሲጋር ውስጡ የቀረው መብላላት ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላም ሽታው ይከረፋል፣ ጣዕሙም ይጎመዝዛል። ለዚህ ነው ሲጋር ወይ በተጠቀለለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ወይ ዓመት ካለፈው በኋላ ይጨስ የሚል አሮጌ አባባል ያለው።

ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሣጥኑን ገልብጦ ማየት ጥሩ ነው። በኩባ ሣጥኖች ሥር የፋብሪካ ምልክትና የታሸገበት ወርና ዓመት ይታተማል፤ ወሩ በስፓኒሽ ቋንቋ በሦስት ፊደል ያጠረ ስለሆነ ‹ኤኔ› ያለው ጃንዋሪ፣ ‹አጎ› ያለው ኦገስት፣ ‹ዲክ› ያለው ዲሴምበር ነው። ከታሸገ ሁለት ዓመት ያለፈው ሣጥን መብሰሉን በመንገድና በመጋዘን ጨርሶታል፤ የሚቀረው ማገገም ብቻ ነው። ጥቂት ወር ብቻ የሆነውን ግን አንዱን ሲጋር አንስቶ የሚለኮሰውን ጫፍ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ይበቃል። የበግ በረት የሚያስታውስ ሹል ሽታ ካለው ሁለት ሳምንት ምንም አያደርግለትም፤ ወራት ይፈልጋል። እዚህ ላይ በቅንፍ የማነሳው ነገር ቢኖር፣ መስታወት ክዳን ባለው ሣጥን ‹ኮሂባ› በሚባለው ታዋቂ የኩባ ሲጋር ስም የሚሸጠው የሐሰት መሆኑን ነው፤ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ሣጥን አያወጣም። እሱን ለማሳረፍ መድከም አያስፈልግም።

የዚህን ክርክር ሌላ ጫፍ የያዘ ጎረቤት አለኝ። ከካራማራው ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት ከተማሩት በሺዎች ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነው፤ ስፓኒሹ እስካሁን አልጠፋበትም። ሲጋር በሣጥን ውስጥ አስተኝቼ ሲያየኝ ይስቃል። «አቦ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሳያሳርፉ ነው የሚያጨሱት፤ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታስተኛው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። በኩባ ፋብሪካዎች ለሠራተኛው በየቀኑ የሚታደል ሲጋር አለ፤ ሠራተኛው ያንን ሥራው ላይ ሆኖ ያጨሰዋል፤ ማንም ሰው ሲጋሩን አሳርፎ አይጠብቅም። ነገር ግን እዚያ ሲጋሩ መንገድ አልመታውም። ከተጠቀለለበት ክፍል ወጥቶ የሚገባው ያንኑ ያህል ወደሚረጥብ የደሴት አየር ነው፤ ላዩና ውስጡ የሚለያዩበት ምክንያት የለም። «ጋሼ፣ እሱ ሃቫና ላይ ነው፤ ደቻቱ ዳር ያለው አየር እኮ ሌላ ነው» ስለው፣ የእኔን ነገር መጽሐፍ የማንበብ በሽታ ይለዋል። ያም ሆኖ ከእሱ የተማርኩት ነገር አለ፤ ትኩስነት በራሱ ጥፋት አለመሆኑንና ማሳረፍ ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባ።

ምክንያቱ የሚታየው ሲጋሩ ሲለኮስ ነው። በጥር ወር ከዘመድ ሻንጣ ከወጣ ሣጥን ውስጥ አንዱን በዚያው ምሽት በረንዳ ላይ ለኮስኩት። ሮቡስቶ የሚባለው መጠን ነበር፤ 124 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሃያ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ማለት ነው። ጫፉ አጠገብ በጣት ጫን ስለው መጠቅለያው እንደ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ተንኮሻኮሸ፤ ወደ መሃሉ ስወርድ ግን ሰውነቱ ስፖንጅ የመሰለ ልስላሴ ነበረው። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ነደደ፤ እሳቱ በአንድ ወገን ብቻ ወደፊት ሮጦ ሌላው ወገን ኋላ ቀረ፤ አመዱም ሳይጠነክር እየረገፈ ወደቀ። አንድ ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ውስጡ እርጥብ ስለነበር ጭሱ አልሳብ አለ፣ ደጋግሞ ጠፋ፣ በላይተር በተለኮሰ ቁጥርም መራራነቱ ጨመረ። የዚያው ሣጥን ወንድም ክብደቱ ከረጋ በኋላ ሲለኮስ እሳቱ ቀለበት ሠርቶ ወረደ፤ አመዱም ሁለት ጣት ያህል እስኪረዝም ሳይወድቅ ቆየ። ጣዕሙ ላይ ያየሁት ልዩነት ግን ሰው የሚያወራውን ያህል አይደለም። ማገገም የሚያስተካክለው በዋናነት አነዳደዱን ነው፤ አነዳደዱ ሲስተካከል ደግሞ መራራውና የሚያቃጥለው ነገር ስለሚቀር ሰው ጣዕሙ ራሱ የተለወጠ ይመስለዋል።

ከላይ ‹ክብደቱ ከረጋ በኋላ› ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ሐሳብ እሱ ነው። ስንት ቀን ይረፍ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ሲጋሩ ምን ያህል ውሃ ይዞ እንደመጣ፣ ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ የተቀመጠበትም ሣጥን እንዴት እንደሆነ ቀን መቁጠሪያው አያውቅም። ሚዛን ግን ያውቃል። ወርቅና ብር የሚሸጡ ሰዎች የሚጠቀሙባት፣ የግራምን መቶኛ የምታሳይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን በመጋላ ገበያ ሱቆች ትገኛለች። አንድ ሮቡስቶ 11 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ እርጥበቱ ጥቂት ሲለወጥ ክብደቱ በግራም አሥረኛ ደረጃ ይነቃነቃል፤ ይህንን ደግሞ ሚዛኗ በደንብ ታየዋለች። ከሣጥኑ ሁለት ሲጋር መርጦ ምልክት ማድረግ፣ በመጡበት ቀን መመዘን፣ ከዚያም በየጥቂት ቀኑ አንስቶ መመዘን ነው። ቁጥሩ መውረዱን ወይም መውጣቱን አቁሞ በተከታታይ ሲመዘን አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ሲጋሩ ከአየሩ ጋር ታርቋል፤ አገግሟል። ለአንዳንዱ ሣጥን ይህ ሳምንት ያህል ይወስዳል፣ ለአንዳንዱ ከወር ያልፋል። እኔ ማንኛውንም የቀን ቁጥር ከሚጠራልኝ ሰው ይልቅ ይህችን ሚዛን አምናለሁ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ዋና ችግር እንምጣ። ሲጋር በሚቀመጥበት ቦታ እንዲኖር የሚመከረው እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው። እርጥበቱን ማምጣት ቀላል ነው፤ ሙቀቱን ማውረድ ግን በከዚራ ሰፈር ወፍራም ግድግዳ ባላቸው አሮጌ ቤቶች ውስጥ እንኳ በሙቀቱ ወራት አይታሰብም፤ በሳቢያን ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያ ሥርማ አይነሳ። ሙቀት ሲጋሩን ስለሚያደርቀው ብቻ አይደለም የምፈራው፤ ነቀዙ ያሳስበኛል። የትምባሆ ነቀዝ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ቀላ ያለ ቡናማ ጥንዚዛ ናት። ዕንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ ዕንቁላሉ ለዓይን ስለማይታይ ንጹሕ የሚመስል ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። በ18 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈለፈል ይቆያል፤ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን አደጋው ይጀምራል፤ 30 ዲግሪ ደግሞ እጅግ የሚመቻት ሙቀት ነው። እጯ ሲጋሩን ከውስጥ እየበላች ትወጣና በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ትገባለች።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። በአውሮፓ ያለ ሰው ሲጋሩን ‹አንድ ወር አሳርፈው› ሲባል፣ በዚያ ወር ውስጥ ዕንቁላሉ ተኝቶ ይቆይለታል። በእኛ ቤት ያው አንድ ወር ዕንቁላሉ ለመፈልፈልና እጩ ለመብላት የሚበቃ ጊዜ ነው። ያም ማለት ሳይታሰብበት የሚደረግ ዕረፍት፣ ወዲያው ከማጨስ የባሰ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል። ይህቺው ነቀዝ ቅመማ ቅመምና ደረቅ በርበሬ ትወዳለች፤ በርበሬ ውስጥ ያያችኋት ትንሽ ቡናማ ጥንዚዛ እሷ ልትሆን ትችላለችና፣ ሲጋር ከበርበሬና ከቅመም ጋር በአንድ ጓዳ ውስጥ አይቀመጥም።

መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው። ብዙ አምራቾች ሣጥኑን ከመላካቸው በፊት ያቀዘቅዙታል፤ በመካከል ግን የት የት እንደቆየ ስለማይታወቅ እኔ ለድሬዳዋ ቤት ይህን እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ። ሣጥኑን አየር በማያስገባ ድርብ ፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ፣ አንድ ቀን ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወደሚደርስ ፍሪዘር አዛውሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ማቆየት፣ ሲወጣም በቀጥታ ወደ ሙቀት ሳይሆን እንደገና አንድ ቀን በተራው ማቀዝቀዣ ማሳለፍ ነው። ሙቀቱ በድንገት ከተለወጠ መጠቅለያው ይሰነጠቃል። ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ አይከፈት፤ ቶሎ ከተከፈተ ከአየሩ የሚመጣው ውሃ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ ቀኑን መጨመር ይሻላል፤ በመሃል የቀለጠ ፍሪዘር ሥራውን እንደሠራ አይቆጠርም።

ከዚህ በኋላ የሚያርፍበት ቤት ይመጣል። በአዳራሹ ጥግ የሚታይ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሂውሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ማስቀመጫ) ያምራል፤ ለእኛ አየር ግን ክዳኑ በጎማ የሚገጥም ተራ የፕላስቲክ የምግብ ሣጥን ይሻላል። እንጨቱ ራሱ ውሃ ስለሚጠጣና ክዳኑ ስለሚያስተነፍስ በበጋ ያለማቋረጥ ውሃ ሲለምን ይኖራል። በፕላስቲኩ ውስጥ እርጥበትን በሁለት ወገን የሚቆጣጠሩትን፣ ሲደርቅ የሚሰጡትን ሲረጥብም የሚቀበሉትን እንደ ቦቬዳ ያሉ ከረጢቶች ማስገባት ነው፤ ለ25 ሲጋር ባለ 60 ግራሟ አንዲት ከረጢት ትበቃለች። ከረጢቶቹ 62፣ 65፣ 69 እና 72 እየተባሉ በሚይዙት እርጥበት ይሸጣሉ፤ ለሙቅ ቤት 65ቱን እመርጣለሁ። ከረጢቱ ጠፍቶ በስፖንጅ መጠቀም ግድ ከሆነ ግን የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ስፖንጁንም በዚያው ይደፍነዋል። የሚያስፈልገው በእንፋሎት ተጣርቶ የተሰበሰበ ውሃ ነው፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰውም አሲድ አለመሆኑን አጥብቆ ይጠይቅ።

የእርጥበት መለኪያው እውነት እየተናገረ መሆኑን ማረጋገጥም አለ፤ በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ ይዋሻሉ። በጠርሙስ ክዳን ላይ ንጹሕ የገበታ ጨው አድርጎ፣ እንደ ሊጥ እስኪላቆጥ ድረስ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሮ (ጨው መሟሟት የለበትም)፣ መለኪያውንና ክዳኑን አንድ ላይ በታሸገ ከረጢት ውስጥ አንድ ቀን ማስቀመጥ ይበቃል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ እርጥበት ላይ ይረጋል፤ መለኪያው 71 ካለ ሁልጊዜ አራት ይጨመርለታል። ከአፋር የሚመጣው የአሞሌ ጨው ሌሎች ማዕድናት ሊቀላቀሉበት ስለሚችሉ ለዚህ ሥራ የተጣራው ይሻላል። በክፍላችሁ ውስጥ መለኪያው ከጠዋት እስከ ማታ ሲወጣና ሲወርድ ብታዩ አትደንግጡ፤ 30 ዲግሪ ሙቀትና 30 በመቶ እርጥበት ያለው የከሰዓት አየር፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት ሙቀቱ ብቻ ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ 54 በመቶ ያህል ያሳያል። መታየት ያለበት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው።

ሽታም ሌላው ነገር ነው። የእኛ ቤት ከሰዓት በኋላ ያለ ዕጣን አይሆንም፤ በርጫ ያለበት ቤትማ ጭሱ ግድግዳውን ያቅፈዋል። ትምባሆ ደግሞ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሲጋሮች የሚመጡበት ሣጥን የሚሠራው ከ‹ሴዳር› ነው ሲባል ሰምቶ ጽድ የመሰለው አናጢ በጽድ ሣጥን ሊሠራላችሁ ቢፈልግ በትሕትና እምቢ በሉ። የሲጋር ሣጥን እንጨት ‹ስፓኒሽ ሴዳር› ቢባልም የማሆጋኒ ዘመድ ነው፤ ሽታው ለስላሳ ነው። የእኛ ጽድ ግን ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሲጋሩን ጣዕም ወስዶ የእርሳስ መቅረጫ ጣዕም ይሰጠዋል።

ለእኔ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ግን ዳገቱን መውጣት ሆኗል። ሐረር ከእኛ የምትርቀው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥተን ስንደርስ ግን ከፍታው ወደ 1,885 ሜትር ያድጋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀትም ለአብዛኛው ዓመት ለሲጋር ከሚመከረው ብዙ አይርቅም። ሰው በቤቱ ማሽን ገዝቶ የሚፈልገውን አየር ሐረር በነፃ ትሰጣለች። ታላቅ እህቴ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው የከተማው ክፍል ትኖራለች፤ ለወራት መብሰል ያለበትን ሣጥን በፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ ከመኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን በታች፣ ከዕጣን ማጨሻው ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። «ይህን ደረቅ ቅጠልህን ከቤቴ መቼ ነው የምትወስድልኝ?» ማለቷ አይቀርም፤ ቁልፉን ግን ለማንም አትሰጥም። በድሬዳዋ የማስቀረው ለማገገም ብቻ የሚያስፈልገውን፣ በቅርብ የሚጨሰውን ነው። ሰው ሐረር ወይም ሐረማያ አካባቢ ዘመድ ካለው ስለ ረጅም ዕረፍት ቢያስብ ያዋጣዋል፤ ከሌለው ግን ከታኅሣሥ እስከ ጥር ካለው ቀዝቃዛ ወቅት ውጭ ድሬዳዋ ላይ ሲጋር ለማብሰል ባይሞክር እመክራለሁ።

ማሳረፍ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። እንግዳ አንድ ወይም ሁለት ሲጋር በኪሱ አምጥቶ ቢሰጣችሁ፣ እናንተም የታሸገ ሣጥንና የእርጥበት ከረጢት ከሌላችሁ፣ ያንን ሲጋር ጠረጴዛ ላይ ‹አሳርፋለሁ› ብሎ ማቆየት ማድረቅ ነው። ቬንትሌተር በሚዞርበት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ መጠቅለያው በእጅ ላይ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ሲጋር በመጣበት ምሽት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ማጨስ ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁ ጉድለት ቢኖርበትም ከሁለት ቀን በኋላ ከሚሆነው ይሻላል። ከሣጥን ውስጥም ቢሆን አንዱን በመጣበት ቀን መለኮስን አልቃወምም፤ ሌሎቹ ሲያርፉ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ መነሻ ይሆናል።

ጨርሶ ደርቆ የደረሰ ሲጋር ግን ወዲያው አይጨስም፣ በፍጥነትም አይረጥብም። በአንድ ጊዜ ብዙ እርጥበት ውስጥ ከገባ በድንገት ያብጥና መጠቅለያው ይቀደዳል። በ62 ጀምሮ ክብደቱ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ 65 ማሸጋገር ነው፤ ሚዛኗ እዚህ ላይ ከሁሉም የበለጠ ትጠቅማለች። ውሃው ይመለሳል፤ ከውሃው ጋር ተኖ የሄደው ዘይትና መዓዛ ግን አይመለስምና ከእንደዚህ ያለ ሲጋር ብዙ አትጠብቁ።

በኔዘርላንድ ወግ በማሽን የሚሠሩትና በትናንሽ ቆርቆሮ ታሽገው የሚመጡት ደረቅ ሲጋሮች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ሲሠሩም ደርቀው እንዲጨሱ ታስበው ስለሆነ የእርጥበት ከረጢት ባለበት ሣጥን ውስጥ ማስገባት ያበላሻቸዋል፤ ከቆርቆሯቸው አውጥታችሁ እጃችሁ በገቡበት ሰዓት ልትለኩሷቸው ትችላላችሁ።